በቆርቆሮ ያስቀመጥኩት ሳል

በእኛ ግቢ ያሳለው ሰው ሁሉ ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር። ሐኪም ሆኜ አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈተል ክፍል የሠራተኛ መግቢያና መውጫ ሰዓት ስመዘግብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ የሰፈረውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ግን ማንበብ እችላለሁ። ስለዚህ ቆርቆሮው እኔ ቤት ተቀመጠ።

ቆርቆሮው ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በባቡር ሥራው ከጅቡቲ ያመጣልኝ የብስኩት ዕቃ ነው። ብስኩቱ ካለቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በግቢያችን ስድስት ቤት አለ። ከስድስቱ በአንዱ ሰው ታሞ መድኃኒት ሲታዘዝለትና በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሲሻለው የተረፈውን ኪኒን ያመጣልኛል። እኔ አነባለሁ፣ ለይቼ በወረቀት እጠቀልላለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ሌላው ሲታመም ከዚያ ይወስዳል። መድኃኒት መጣል በእኛ ዘንድ እህል እንደ መጣል ነበር። ድነሽ ሳለሽ የቀረውን ሁሉ ብቻሽን መዋጥ ደግሞ ስስት ነበር። ጎረቤት እያለሽ እንዴት ትጨርሺዋለሽ?

ይህን የምጽፈው በሌላም ግቢ እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ያላት ሴት እንደማትጠፋ ስለማውቅ ነው።

የእኔ ሳል የጀመረው ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ባለው የነፋስ ወቅት ነው። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ አሸዋው በየቤቱ የሚገባበት ጊዜ ነበር። ግቢው ሁሉ ጉንፋን ያዘው፤ ሁሉም ዳነ፤ የእኔ ሳል ቀረ። ከቆርቆሮው ቀይና ቢጫውን ኪኒን አውጥቼ ለሦስት ቀን ወሰድኩ። ተሻለኝ። የቀረውን መለስኩት። ከወር በኋላ ሳሉ ተመለሰ። እንደገና ሦስት ቀን ወሰድኩ፣ እንደገና ተሻለኝ፣ እንደገና መለስኩት። እንዲህ እያልኩ አንድ ዓመት አለፈ።

አክታው መጀመሪያ ነጭ ነበር። ቀስ ብሎ ቢጫ ሆነ፤ ኋላም አረንጓዴ። ጠዋት ከአልጋ ስነሳ አንድ የቡና ሲኒ የሚሞላ ይወጣኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። በፈተል ክፍል ሠላሳ ዓመት የተነፈስኩት የጥጥ ብናኝ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አብረውኝ ከሠሩት ብዙዎቹ ያስላሉ። ሌሊት ያልበኝም ነበር። ድሬ ላይ ላብ ማን ይቆጥራል? በሙቀቱ ወራት ግቢው ሁሉ ደጅ አንጥፎ ነው የሚያድረው። የእኔ ላብ ግን አንሶላውን አርጥቦ ፍራሹ ድረስ ይደርስ እንደነበር ኋላ ነው ያስተዋልኩት።

ከሁሉ ያስፈራኝ እስትንፋሴ ነው። አንድ ቀን ከቀፊራ ገበያ እስከ ባጃጅ መቆሚያው ድረስ፣ ይህን ያህል ያልሆነች መንገድ፣ ሦስት ጊዜ ቆምኩ። ሰው ደክሟት ነው እንዳይለኝ ዕቃ የምጠይቅ መሰልኩ። የማልገዛውን ሐብሐብ ዋጋ ጠየቅሁ። የማልለብሰውን ሽርጥ አገላብጬ አየሁ። ሦስተኛው ነጋዴ ፊቴን አይቶ ዋጋውን ሳይነግረኝ ዱካውን ሳበልኝ። «አዴ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ፣ ኋላ ትከራከሪኛለሽ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ስሙን አላውቅም፤ ዱካዋን ግን አልረሳትም።

በዚያው ሰሞን ልጄ ምሕረት አርግዛ ነበር። አንዲት ልጄ ናት። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ስፌት ትሠራለች፤ ከባሏ ጋር የምትኖረው መልካ ጀብዱ ነው። ካገባች ሰባት ዓመት ልጅ አላገኘችም ነበርና እርግዝናው የሁላችንም ጉዳይ ሆነ። «እማዬ፣ የምወልደው አንቺ ጋር ነው» ብላኝ ነበር። የበኩር ልጅ በእናት ቤት መወለዱ ወግ ነው። አልጋውን ከየትኛው ግድግዳ እንደማስጠጋላት ሳይቀር አስቤ ጨርሼ ነበር። ስለዚህ ያን ጊዜ የምፈራው ሞትን አልነበረም። ልጄ ስትወልድ ከአጠገቧ የማልቆም እንዳልሆን ነበር የምፈራው።

መታከም ጀመርኩ። አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ወሰዱ፤ ታይፎይድና ታይፈስ ነው አሉኝ። የሳሉን ነገር ብነግራቸውም ትኩሳቱ የሚያመጣው ነው ተባልኩ። የሰጡኝን መድኃኒት አራት ቀን ወሰድኩ፤ ቀለል ሲለኝ እንደ ልማዴ የቀረውን ቆርቆሮው ውስጥ ጨመርኩት። በወሩ ሌላ ቦታ ሄድኩ። እዚያ ደረቴን አዳምጠው የሲር ሲር ድምፅ አለ፣ አስም ነው ብለው በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጡኝ። ደረቴን ለጊዜው ከፈተልኝ፤ አክታውን ግን አልነካውም።

በዚህ ሁሉ መካከል ሐሊሞ አልተለየችኝም። ሐሊሞ የግድግዳ ጎረቤቴ ናት። ታይዋን ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። ሶማሊኛ ታስባለች፣ አማርኛ ትሳደባለች እያልኩ እቀልድባታለሁ። እሷም የቆርቆሮውን ነገር ይዛ «ዶክተሬ» ነው የምትለኝ። ልጆቻችንን አንድ ላይ አሳደግን፤ ባሎቻችንን በተለያየ መቃብር ብንቀብርም ለቅሶውን አንድ ላይ ተቀመጥን። ጠዋት ጠዋት ሐበተ ሶዳ የምትለውን ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ ታመጣልኝ ነበር።

«ዋጪ።»

«ትናንት ዋጥኩ እኮ።»

«የትናንቱ ለትናንት ነው። አቦ፣ ዶክተር ስትሆኚ ሰው ታዢያለሽ፣ ስትታመሚ ግን እንደ ሕፃን ትከራከሪያለሽ!»

በመጨረሻ ወደ ሆስፒታል የወሰደችኝም እሷ ናት። በባጃጅ አስቀምጣኝ፣ ደረቴን በእጇ ደግፋ፣ ሾፌሩን በየጉድጓዱ እየገሠጸች።

የሆስፒታል መጠበቂያ ቦታ የራሱ ሕይወት አለው። ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ከላይ የሚዞር አንድ ማራገቢያ። ከማራገቢያው ሥር ያለው ቦታ የሚያዝ በጠዋት ነው። እኔ ስደርስ ተይዞ ነበር። ሳል ሲያጣድፈኝ አጠገቤ የነበሩት ፈቀቅ አሉ። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም ፈቀቅ ብዬ አውቃለሁ። ከማራገቢያው ሥር የነበሩ አንድ ሽማግሌ ግን ተነሥተው ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ወደ እኔ መጡና «ሂጂ እዚያ ተቀመጪ፣ እኔ ጉልበቴን ነው የታመምኩት፣ ጉልበት ነፋስ አይፈልግም» አሉኝ።

ያየችኝ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ጣቴ ላይ የምትቆነጥጥ መለኪያ አድርጋ በደሜ ያለውን አየር አየች፤ ራጅ አስነሣችኝ። ፎቶውን በመስኮቱ ብርሃን ይዛ ብዙ ቆየች።

«እናቴ፣ ሳንባዎ ላይ የሚያጠራጥር ነገር አለ። የቲቢ ምርመራ እናደርጋለን። ሌላም ጀርም ካለ እንዲበቅል አድርገን እናያለን። ለዚህ የጠዋት አክታ ያመጡልኛል።» ቀጥላ ጠየቀችኝ፤ «ለዚህ ሳል ከዚህ በፊት የወሰዱት መድኃኒት አለ?»

«በክሊኒክ የሰጡኝ ብቻ ነው» አልኩ።

«ራስዎ ገዝተው ወይም ከሰው ተቀብለው የወሰዱት?»

«የለም።»

ውሸት ነበር። ያስዋሸኝ ነገር ምን እንደሆነ በቀላሉ አልተገለጸልኝም ነበር፤ አሁን ግን አውቀዋለሁ። በግቢያችን የማነብና የማውቅ ሴት ነበርኩ። በዚያች ልጅ እግር ሐኪም ፊት ምንም የማላውቅ ሆኜ መታየት ከበደኝ።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ ሠራሁ። አክታውን በምሰጥበት ዋዜማ ሳሉ በሰው ፊት እንዳያዋርደኝ ብዬ ከቆርቆሮው ቀይና ቢጫውን አውጥቼ ጠዋትና ማታ ወሰድኩ። ወደ ድግስ የሚሄድ ሰው ልብሱን እንደሚተኩስ መሆኔ ነው።

ውጤቱን ስጠብቅ ወሬው መልካ ጀብዱ ደረሰ። የምሕረት አማት ክፉ ሴት አይደሉም፤ ደውለው በቀጥታ ነገሩኝ። «እኅቴ፣ አንቺም እናት ነሽ፣ ይገባሻል። ሳንባ ያለበት ቤት አራስ አይተኛም። እዚሁ እኔ ጋር ትውለድ።» ሳንባ ሲሉ የሳንባ ነቀርሳ ማለታቸው ነው። «ይገባኛል» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ምሕረት በማግስቱ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ቀረች፤ እኔ ነኝ እንዳትገባ ያልኳት። ከግቢው መካከል ሆና አለቀሰች። እኔ መስኮቱ ውስጥ ሆኜ ምሳ በልታ እንደሆነ ጠየቅኋት።

ውጤቱ ሲደርስ የቲቢ ጀርም አልተገኘም፤ ሌላም ምንም አልበቀለም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ሐኪሟ ግን ግንባሯን አሸት አደረገች።

«ይህን ያህል አክታ ያለው ሳንባ ባዶ ሊሆን አይገባም» አለች። «ክብደትዎ ቀንሷል፣ ላብ አለ፣ ራጁ ንጹሕ አይደለም። ከባልደረቦቼ ጋር ተነጋግረናል። ምርመራው ባያሳየውም በምልክቱ ተመሥርተን የቲቢ መድኃኒት ልንጀምርልዎ ነው። ስድስት ወር ነው። ሰኞ ይምጡና እንጀምራለን።»

«ልጄ ሰባት ወሯን አልፋለች» አልኩ።

«መጀመሪያ ላይ ከእርስዎ ራቅ ብትል ይሻላል። ሕፃኑም እንደዚያው።»

ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ሐሊሞ ደጃፏ ላይ ጨርቅ ስታጣጥፍ አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት። መድኃኒት አልወሰድኩም ማለቴንም ጨምሬ። ጨርቁን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ቆርቆሮውን አልነገርሻትም?»

«አልነገርኳትም።»

«ለምን?»

ያጣጠፈችውን ጨርቅ ጫፍ ማስተካከል ጀመርኩ።

«ወላሂ፣ አንቺ ሴትዮ! ስድስት ወር የሰው መድኃኒት ልትውጪ ነው፣ የልጅ ልጅሽን በመስኮት ልታዪ ነው፤ በቆርቆሮ አፍረሽ! የሰረቅሽው ቆርቆሮ ነው እንዴ?»

«ለእናንተም የሰጠኋችሁን ሁሉ ትጠይቀኛለች።»

«ትጠይቅሽ! እኔ ራሴ እመሰክራለሁ፤ ሐሊሞ አሥር ጊዜ በልታለች፣ አልሞተችም በያት።» ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጸዳሌ፣ ሐኪም ዘንድ ግማሽ ነገር ይዘሽ ከሄድሽ ግማሽ ሰው ነው የሚያክሙልሽ።»

ሰኞ ቆርቆሮውን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። በመጠበቂያው ወንበር ጭኔ ላይ አድርጌው ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ስገባ ምንም ሳልናገር ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። ሐኪሟ ብስኩት ያመጣሁላት መስሏት «ኧረ አያስፈልግም ነበር እናቴ» አለችና ክዳኑን ከፈተች።

የጠቀለልኳቸውን ወረቀቶች አንድ በአንድ ፈታች። በእያንዳንዱ ላይ በጽሑፌ ለምን እንደሚሆን ጽፌ ነበር፤ «ለሳል»፣ «ለሽንት»፣ «ለሆድ»። አንዱን አንሥታ «ይሄ ለሳል የተባለው የደም ግፊት ነው» አለች። ሌላውን፣ «ይሄ ጊዜው ያለፈበት ነው።» ቀይና ቢጫው ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«ይህን ይወስዱ ነበር?»

«አዎ።»

«ስንት ቀን?»

«ሦስት። ሲሻለኝ እተዋለሁ።»

«አክታ ከመስጠትዎ በፊትስ?»

«ዋዜማውን» አልኩ። «እንዳያስለኝ ብዬ።»

ወንበሯን ወደ እኔ አቀረበች። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። በኋላ ለጎረቤቶቼ ደጋግሜ የነገርኳቸው ያኔ ያስረዳችኝን ነው። ባክቴሪያ የሚባለው ጀርም አየር ወደ ሳንባ በሚወስዱት ቧንቧዎች ውስጥ ይሰፍራል። ይህን የሚገድለው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጨርሰው ደካማዎቹን ነው። ያን ጊዜ ሰው ይሻለዋል፣ የዳነ ይመስለዋል። ሲያቆም ብርቱዎቹ ይቀራሉ፤ ይራባሉም። በየወሩ ሦስት ሦስት ቀን እየወሰድኩ መድኃኒቱን የለመደ ጀርም ሳሳድግ ነበር የከረምኩት። ዋዜማውን የወሰድኩት ደግሞ ጀርሙን ሳይገድል አደንዝዞ ከምርመራው ሰውሮታል። ምንም ያልበቀለው ለዚህ ነው።

«ቧንቧዎቹስ?» አልኩ። በራጁ ላይ ያየሁት ጥላ ከዓይኔ አልጠፋም ነበር።

«በተደጋጋሚ ሲቆስሉ ይሰፋሉ፤ ይላላሉ። አክታው መውጣት ትቶ እዚያው ይተኛል። ደቻቱ ጎርፍ ካለፈ በኋላ በየጉድጓዱ ውኃ ይቀር የለ? እንደዚያ ነው። በቆመ ውኃ ውስጥ ደግሞ ትንኝ ይፈላል።»

ስትጨርስ ክዳኑን ገጠመችው። «ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ቆርቆሮ አለው። ይዞልኝ የመጣ ሰው ግን አላየሁም» አለች። የቲቢውን መድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ቀደደችው፤ ሁለት ሳምንት ምንም ፀረ ባክቴሪያ ሳልወስድ ቆይቼ አክታ እንደገና እንድሰጥ፣ ከባሰብኝ ግን ሳልጠብቅ እንድመጣ አዘዘችኝ። ቆርቆሮው ውስጥ የነበረውን ለሆስፒታሉ መድኃኒት ክፍል አስረከብኩ። ባዶውን ዕቃ መለሱልኝ።

ሁለቱ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ያለ ቀይና ቢጫው ሳሉ ማንነቱን አሳየኝ። ጎኔን ውጋት ያዘኝ፤ ተኝቼ መተንፈስ ስላልቻልኩ ሌሊቱን በግቢው ወንበር ላይ ተቀምጬ አነጋ ነበር። የምፈራው ደግሞ እንቅልፍን ነው፤ ከተኛሁ መተንፈስ የምረሳ ይመስለኝ ነበር። ሐሊሞ ፍራሿን ወደ ወንበሬ ስባ ተኛች። ሳሌ ጸጥ ሲል ትነቃለች። አክታውን በሰጠሁ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ስለበረታ አስተኙኝ፤ አፍንጫዬ ላይ ኦክስጅን አደረጉልኝ።

ጀርሙ በዚህ ጊዜ በቀለ። ስሙን ሐኪሟ ነግራኝ ነበር፤ ረጅም ስለሆነ አልያዝኩትም። የያዝኩት ሌላውን ነው፤ ጀርሙን በየመድኃኒቱ ሲፈትኑት ቀይና ቢጫው ጨርሶ አልነካውም። አሥር ቀን በደም ሥር ሌላ መድኃኒት ሰጡኝ። በአራተኛው ቀን ሙሉ ሌሊት ተኛሁ። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን ጸጥታ ነው። ደረቴ አያፏጭም ነበር።

አክታውን ለማውጣት የሚያስተምር ባለሙያም መጣ። በግራ ጎኔ ተኝቼ ከዳሌዬ ሥር ትራስ አድርጌ፣ ሌላ ሰው መዳፉን እንደ ጭልፋ አጉብጦ ጀርባዬን መታ መታ ማድረግ አለበት። በቤትም ጠዋትና ማታ። ሐሊሞ በጥሞና ስትከታተል ቆየችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ሠላሳ ዓመት ልመታሽ ስመኝ ኖርኩ» አለች፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ሐኪም ፈቀደልኝ።»

ባለሙያው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉም የሚወጣውን አወጣ።

ከሆስፒታል ስወጣ የአሥራ አራት ቀን ኪኒን ተሰጠኝ፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ሐኪሟ ሁለት ነገር ነገረችኝ። የእኔ በሽታ ቲቢ አይደለም፤ እጄን እየታጠብኩና ሳስል አፌን እየሸፈንኩ ልጄ እቤቴ ልትወልድ ትችላለች። ሁለተኛው፣ «እናቴ፣ ይህ መድኃኒት ካልሠራ ቀጥሎ የምሰጥዎት ብዙ የለኝም። እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ድረስ ይዋጡ።» ለምሕረት አማት ራሷ ደወለችላቸው። ምሕረት በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ መጣች፤ በዚህ ጊዜ በሩ ላይ አላቆምኳትም።

በዘጠነኛው ቀን ሙሉ ጤነኛ ነበርኩ። እስከ ገበያ ሄጄ አንድ ጊዜም ሳልቆም ተመለስኩ። ያን ዕለት ማታ ሐሊሞ ጀርባዬን መታ ከጨረሰች በኋላ አልተነሣችም።

«ወንድሜ ከጀልዴሳ ደውሏል» አለች። «ያስለዋል። ወር አልፎታል። አክታው እንደ አንቺ ነው።»

«ሐኪም ይየው።»

«ግመሎቹን ማን ይዞለት? አንቺ እኮ ድነሻል ጸዳሌ። ስንት ቀረሽ?»

ማሸጊያውን አየሁ። «አሥር ፍሬ።»

«ያንን ልላክለት። አንቺን ያዳነ እሱንም ያድነዋል።»

ለዚያች ሴት ነፍሴን ብትጠይቀኝ ለማሰብ ጊዜ አልወስድም ነበር። ወንበሬ ሥር የተኛች ናት። የእሷን ፊትም አየሁ፤ በውስጡ የአምስት ቀን ኪኒን አልነበረም፣ ሠላሳ ዓመት ነበር። ከኋላዬ ባለው ክፍል ምሕረት እንደ ከበዳት ሴት ስትገላበጥ አልጋው ይሰማል።

«አልሰጥም» አልኩ።

«ምን?»

«አልሰጥም ሐሊሞ። የእሱ ምን እንደሆነ አናውቅም። የእኔም አላለቀም።»

ተነሣች። ሻሿን አስተካከለች። «አይ ዶክተር» አለች፤ ዶክተሬ አላለችም። ሄደች።

ሦስት ቀን አልመጣችም። ጥቁር አዝሙዱም አልመጣም። ጠዋትና ማታ ጀርባዬን የምትመታው ምሕረት ነበረች፤ ሆዷ እያስቸገራት፣ እንዳታመኝ ብላ እያባበለች። እንደ ሐሊሞ አትመታም ነበር። ግድግዳው ማዶ ሐሊሞ ዕቃ ስታስቀምጥ ድምፁ ከወትሮው ይበልጣል። ኪኒኑን በሰዓቱ እወስድ ነበር፤ በየጊዜው ስውጠው ግን ከእሷ አፍ የነጠቅኩት ያህል ነበር የሚከብደኝ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት ባጃጅ ግቢው በር ላይ ቆመ። ሐሊሞ ወረደች፤ ቀጥላ ቀጭን ሰው ደግፋ አወረደች። ወንድሟ ነበር፤ አፉና አፍንጫው ላይ መሸፈኛ አድርጓል። እሱን ቤቷ አስገብታ ወደ እኔ መጣች። ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን ወደ ግቢው አድርጋ።

«ግመሎቹን ለአጎታችን ልጅ ሰጥቼ አመጣሁት» አለች።

«ሐኪም አየው?»

«አየው። የእሱ የአንቺ አይደለም። የስድስት ወሩ ነው። ያንቺን ኪኒን ብሰጠው ኖሮ እሱንም ይደብቅብን ነበር አሉኝ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አታስቢ፣ ይድናል ብለዋል፤ እስከዚያ ወደ ምሕረት አላስጠጋውም» አለች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። «ጀርባሽን ማን ነው ሲመታሽ የከረመው? አጎብጦሻል። ዙሪ!»

ሳንባዬ እንደ ድሮው እንዳልሆነ ልደብቅ አልፈልግም። የሰፋ ቧንቧ መልሶ አይጠብም። ዛሬም ጠዋት ጠዋት በጎኔ እተኛለሁ፤ ሐሊሞም ትመታኛለች። አቧራ ሲነሣ አፌን እሸፍናለሁ፤ ጉንፋን ሲይዘኝ ሳልውል ሳላድር እታያለሁ። በግቢያችን የሚያስል ሰው ዛሬም መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። መድኃኒት ግን አልሰጥም፤ ጫማዬን አደርግና አብሬው ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። ከማራገቢያው ሥር ያለውን ቦታ እንዴት እንደሚይዙትም አውቃለሁ። ባዶውን ቆርቆሮ ምሕረት የሕፃኗን ካልሲ ታስቀምጥበታለች።

የመጨረሻዋን ኪኒን የዋጥኩበትን ቀን ግን ሳልጽፍ አልተውም። ምሕረት ከቀኗ ትንሽ ቀደም ብላ ሴት ልጅ ወልዳ ገና ሁለተኛ ቀኗ ነበር፤ ሕፃኗም ከውስጥ ክፍል ታለቅሳለች። ጡት መያዟን አይቼ ወጣሁና ውኃ ቀዳሁ። ሐሊሞ ለአራሷ የሚሆን ቅቤ ይዛ ገብታ ደረሰችብኝ። ማሸጊያውን አነሣሁ። በዕድሜዬ አንድም የመድኃኒት ማሸጊያ ባዶ ሆኖ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ስንት ቀረሽ?» አለች ሐሊሞ።

«አንድ።»

እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። እያየችኝ ዋጥኩት።

«ስስታም!» አለችና ቅቤውን ይዛ ወደ አራሷ ገባች።